ሰባት ደጋን፣ አንድ ጣሳ ቅቤ

ከግቢያችን በስተግራ ያለችው የምትከራይ ክፍል ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ ባዶ ሆናለች። የመጀመሪያው ተከራይ የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ወር ከሁለት ሳምንት ቆየ። ሁለተኛዋ ነርስ ነበረች፤ ተረኛ ሆና አድራ ጠዋት ልትተኛ ስትል የሰማችውን ሰምታ በማግስቱ ዕቃዋን ባጃጅ ላይ ጫነች። ሦስተኛው የገዛ ባልደረባዬ የሒሳብ መምህር ነው። ሲለቅ በጨዋ ደንብ ተሰናበተኝና «ውኃ እየጠፋ ስላስቸገረኝ ነው» አለኝ። በሰፈሩ ውኃ የማይጠፋው እኛ ግቢ ብቻ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

ጥፋቱ የቫዮሊን ነው። የቫዮሊንም አይደለም፣ የእኔ ነው። እዚህ ወልድያ ውስጥ የሙዚቃ መምህር ነኝ። ኮሌጅ ውስጥ ትልልቅ ሰዎችን ሳስተምር ማንም አልተጎዳም፤ ትልቅ ሰው ካልቻለ ያፍራል፣ ካፈረ ይቀራል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ሕፃን ግን አያፍርም። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ያለ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ስድስት ትንንሽ ያገለገሉ ቫዮሊኖች በአውቶቡስ ላከልኝ፤ እኔም ደስታው ናላዬን አዞረውና በከተማው የወጣቶች ማዕከል በር ላይ «ቫዮሊን ለልጆች፣ ቅዳሜና እሑድ» ብዬ ለጠፍኩ። አሥራ አንድ ልጆች ተመዘገቡ። አምስቱ ድምፁን ሲሰሙ ተመለሱ። የቀሩት ስድስቱ የእኔን ልጅ ይጨምራሉ፤ እሷ ደግሞ የምትመለስበት ቤት የእኔው ስለሆነ ነው የቀረችው።

ቫዮሊን ላላየ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። ማሲንቆ ያየ ሁሉ ግማሹን ያውቀዋል። የሚገዘገዝበት ደጋን አለው፤ ደጋኑ ላይ የተወጠረው የፈረስ ጭራ ነው። ያ ጭራ በሙጫ በደንብ ካልታሸ ክሩ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ሙጫው ሲታሽ ነጭ ብናኝ ይተዋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ እባካችሁ ይህችን ያዙልኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ልጆቹ ደጋን አልነኩም። ክሩን በጣታቸው እየነኩ እንደ ክራር ሲጫወቱ ሰፈሩም ሰላም ነበር። ከዚያ ደጋኑን ሰጠኋቸው። የዚያን ዕለት አንዋርን ሊወስድ የመጣው አባቱ ሰይድ የማዕከሉ በር ላይ ቆሞ ትንሽ ሲያዳምጥ ቆየና ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «መምህር፣ የዚህች ሸራዋ አልቋል» አለኝ። ሰይድ ወደ መርሳ መውጫ ላይ ጋራዥ አለው፤ የሚንጫጫ ነገር ሁሉ እሱ ዘንድ የፍሬን ሸራ ያለቀበት ነው።

አንዋር ስምንት ዓመቱ ነው። ቫዮሊኑን አንገቱ ሥር አድርግ ስለው እሺ ይልና ዘወር ስል ጉልበቱ ላይ አቁሞ እንደ ማሲንቆ ይገዘግዘዋል። የሚያናድደው ነገር፣ እንደዚያ ሲይዘው ይሻላል። ናሆም ሰባት ዓመቱ ነው። ሙጫው ቢጫ ሆኖ የሚያበራ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ስለሆነ ከረሜላ መስሎት ከጎኑ ገመጠው፤ እናቱ ደውላ «መምህር፣ ልጄ አፉን መክፈት አቅቶታል፣ ምን አስተማሩብኝ?» አለችኝ። ሁለቱ መንትያ ወንድማማቾች አንድ ወንበር ላይ ካልተቀመጥን ብለው ይጣላሉ፣ ሁለት ወንበር ሲሰጣቸው ደግሞ ይናፍቃሉ። የቡድኑ ኩራት የአሥራ ሦስት ዓመቷ ሜሮን ናት፤ አባቷ ሲሪንቃ ስለሚሠራ በሚኒባስ ተሳፍራ፣ ቫዮሊኗን ጭኗ ላይ ታቅፋ ነው የምትመጣው። ለሜሮን «ጎሽ» ከማለት ሌላ ሥራ የለብኝም።

አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ። ስድስተኛዋ የእኔዋ ረድኤት ናት፣ ዘጠኝ ዓመቷ።

የመምህር ልጅ አባቷ ክፍል ውስጥ ስትማር ሐሜቱ አብሯት ይመዘገባል። «የራሱን ልጅ ፊት አስቀመጠ»፣ «ጥሩውን ለልጁ ሰጠ» ሊባል ነው። እኔም ይህንን ፈርቼ ገና ከመጀመሪያው ቀን አስቀድሜ ተጠነቀቅሁ። ሆዱ የተሰነጠቀውን ቫዮሊን ለረድኤት ሰጠሁ። ተራ ሲደርስ የመጨረሻዋ እሷ ነች። ስድስቱም አንድ ላይ ሲሳሳቱ የምጠራው ስም የእሷን ነው። አንድ ቅዳሜ ጉንፋን ይዟት ቤት ተኝታ ሳለ ናሆም ሲስት «ረድኤት!» ብዬ ጮህኩ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ሜሮን በትሕትና፣ «መምህር፣ ዛሬ የለችም እኮ» አለችኝ። ያኔ እንኳ አልገባኝም። እንዲያውም ከአድልዎ የነጻሁ ሰው መሆኔን ቆጥሬ ኮራሁ።

ይህ በክፍል ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ትምህርቱ አያልቅም፤ ተከራዮቹን ያባረረውም እሱ ነው። ጥርሷን ስትፋቅ «ትከሻሽ!» እላለሁ። ማንኪያ ስትይዝ «ክርንሽ!» እላለሁ። አንድ ጊዜ አልጋዋ ላይ ተኝታ ግራ እጇ ብርድ ልብሱን ጨብጦ ሲይዘው አይቼ አውራ ጣቷን ላስተካክል ስል ባለቤቴ እጄን ይዛ ከክፍሉ አስወጣችኝ።

ልጆቹ በማዕከሉ መድረክ የሚጫወቱበት የወላጆች ቀን ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ምሳ ላይ፣ ረድኤት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ የወላጆች ቀን ካለፈ በኋላ ቫዮሊን አቆማለሁ።»

«ለምን?»

«ደክሞኛል» አለች፣ ጡረታ የሚጠይቅ ሰው ሆና።

ባለቤቴን አየኋት፤ ድጋፍ ፈልጌ ነበር። «እኔ ብሆን ፋሲካ ላይ ነበር የማቆመው» አለችኝና ወጡን አወጣችልኝ።

ከፋኝ። የማይመስል ነገር አልናገርም፤ በጣም ከፋኝ። ልጄ ትልቅ ሙዚቀኛ ትሁንልኝ የሚል ምኞት የለኝም፤ ሐኪምም፣ ሹፌርም ብትሆን ደስ ይለኛል። ግን ቫዮሊን እኔ በዓለም ላይ በጣም የምወደው ነገር ነው፤ እሷ ደግሞ ከዚያም በላይ የምወዳት ናት። ሁለቱን ላገናኝ ብዬ ሁለቱን አጣላሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ቫዮሊን በሰማች ቁጥር የእኔ የተቆጣ ፊት ሊመጣባት ነው ብዬ ፈራሁ። ያኔ አንድ ብልህ አባት ቁጭ ብሎ ልጁን ያናግራል። እኔ ግን ምን አደረግሁ? በወላጆች ቀን አሳምራ ከተጫወተች ጭብጨባው ይመልሳታል ብዬ አሰብኩና በቀን ሁለት ተጨማሪ ልምምድ ጨመርኩባት።

ቅዳሜ ዕለት አማቴ ከግራና መጡ። የልጅ ልጃቸው መድረክ ላይ ትወጣለች ተብሎ ተነግሯቸው ከግራና መርሳ፣ ከመርሳ ወልድያ ሁለት መኪና ቀይረው፣ አንድ ፌስታል ብርቱካንና አንድ ጣሳ ለጋ ቅቤ ይዘው ደረሱ። እማማ ይመኙሻል የድሮ ሰው ናቸው፤ አማቻቸውን አንቱ ይላሉ። እኔም በተራዬ አንቱ እላቸዋለሁ። በዚህ ምክንያት ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት አንድም ቀን እኩል ተቀምጠን አናውቅም። «ይቀመጡ እማማ» እላለሁ፤ «ኧረ አንቱ ይቀመጡ፣ ሲያስተምሩ የዋሉ» ይላሉ፤ ሁለታችንም ቆመን ሻይ እንጠጣለን። አንድ ሰው ለአማቱ ሊናገራቸው የማይችላቸው ቃላት ስንት እንደሆኑ ያወቅሁት ግን በማግስቱ ነው።

እሑድ ጠዋት እኔ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስደረድር አረፈድኩ። ባለቤቴ ገበያ ሄዳለች። አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ከረድኤት ጋር ግቢ ውስጥ ነበሩ። ቫዮሊኖቹና ደጋኖቹ በሙሉ፣ የእኔም ጭምር፣ ከቅዳሜው ልምምድ በኋላ እኛ ሳሎን ውስጥ ተሰብስበው አድረዋል። ምሳ በልተን፣ ሁሉንም በባጃጅ ጭነን፣ እኛም በላዩ ተጭነን ወደ ማዕከሉ ሄድን። መንገድ ላይ የለጋ ቅቤና የአሪቲ ሽታ ሸተተኝ። አማቴ ለበዓሉ ፀጉራቸውን ተቀብተው ነው ብዬ ገመትኩና በልቤ አመሰገንኳቸው።

ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። እናቶች ነጠላቸውን ለብሰው፣ አባቶች ስልካቸውን ከፍተው ተቀመጡ። የማዕከሉ ኃላፊ የመክፈቻ ንግግር ጀመሩ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ስድስቱን ልጆች አሰለፍኩ፤ ረድኤትን መጨረሻ ላይ፣ እንደተለመደው።

«አንዋር፣ በቀስታ አንድ ጊዜ ሳብ አድርግ» አልኩት።

ሳበ። ምንም አልተሰማም።

«ጎሽ! እንዲህ ነው ቀስ ማለት» አልኩና ወደ መንትዮቹ ዞርኩ። እነሱም ሳቡ። ጸጥታ። ወራት ሙሉ በስንት ልመና ያላገኘሁትን ጸጥታ በአንድ ጊዜ ሲሰጡኝ ጠረጠርኩ።

ሜሮን ደጋኗን አገላብጣ አየችና፣ «መምህር፣ ይንሸራተታል» አለች።

ጭራውን በጣቴ ነካሁት። ጣቴ ወዛ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ባጃጇ ውስጥ የሸተተኝ ቅቤ ነው።

ስድስቱንም ነካሁ። ስድስቱም ወዝተዋል። የእኔን ከሣጥኑ አወጣሁ፤ የእኔማ ያብለጨልጫል። በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቄ ፊተኛው ወንበር ላይ ያሉትን አማቴን በምልክት ጠራኋቸው። ፊታቸው በርቶ መጡ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እነዚህን ደጋኖች የነካ ሰው አለ?»

«እኔ ነኛ መምህር! አላዩትም እንዴት እንዳማረ?» አሉ። «ትናንት ረድኤት ስትጫወት ስሰማት አንጀቴን በላችው፤ እንዲህ የሚንጫጨው ምን ሆኖ ነው ልጄ ብላት፣ እማማ ፀጉሩ ደርቆ ነው፣ ሲደርቅ ይቀባ ተብለን ነበር፣ እኔ ረስቼው ነው አለችኝ። ዛሬ ጠዋት አውጥቼ ባየው ጊዜ፣ ኧረ በማርያም፣ እንዴት ያለ ጉስቁልና ነው! ፎረፎር ብቻ! ነጭ በነጭ!»

«እማማ፣ እሱ...»

«አጠብኩታ። ከዚያ ቅቤ አጠጣሁት፣ ፀሐይ ላይም አሰጣሁት ጠልቆ እንዲገባ። የእሷን ብቻ ቀብቼ የሰው ልጅ እንዳይከፋው ብዬ ለስድስቱም እኩል ነው ያዳረስኩ። ያንቱን ረዥሙንማ አስቀድሜ ነው የቀባሁ፤ እንዴት ትልቅ ሰው ወደ ኋላ ይቀራል?»

እንግዲህ ፍረዱ። ሴትዮዋ ከግራና ሁለት መኪና ቀይረው፣ ቅቤያቸውን ተሸክመው፣ ጠዋታቸውን ሠውተው፣ እኔ ቤት የሚያስለቅስ ነገር ሲያገኙ ጊዜ ሳይወስዱ አክመውታል። ለአማት የሚባል ሌላ ቃል ካለ እኔ አልተማርኩም። ዝቅ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና፣ «እግዜር ይስጥልኝ እማማ፤ ደክመዋል» አልኩ።

«ምን ደክሜ! ጣሳው ላይ ትንሽ ቀርቷል፣ ማታ እደግምልዎታለሁ» ብለው ደስ ብሏቸው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ዞር ስል ረድኤት ታየኛለች። የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ እኔም አፌ ውስጥ ሲደርስ አወቅሁት። «ረድ» ድረስ ወጥቶ ነበር።

«እኔ ነኝ የነገርኳት» አለች ቀድማኝ። ዓይኗ ሞልቶ ነበር። «ሙጫ ነው የሚቀባው አላልኳትም። ረስቼው ነበር፤ አንተ ስትቆጣ ሁሉን ነገር ነው የምረሳው።»

ከአዳራሹ ኃላፊው ስለ ወጣቱ ትውልድ የሚናገሩት ይሰማል። ልጄ ትከሻዋን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ሊመታት የመጣ ሰው ፊት እንደቆመች ሆና ጩኸቴን ትጠብቃለች። መትቻት አላውቅም። ግን ያ ትከሻ ከየትም አልመጣም፤ እኔ ነኝ እንደዚያ ያስተማርኩት። ለብዙ ወራት «ትከሻሽን ዝቅ አድርጊ» እያልኩ የጮህኩበት ትከሻ ለካስ ስለምጮህ ነው ዝቅ ያላለው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት።

አላመነችኝም። እውነት ለመናገር እኔም ድምፄን አላመንኩትም። ግን ለመመካከር ጊዜ አልነበረም፤ ሰባቱን ደጋኖች ሰብስቤ በጀርባ በር ወጣሁ።

ጓሮ የውኃ በርሜል አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ የልብስ ሳሙና ሰጠችኝና ማሸት ጀመርኩ። ቅቤና ሳሙና ሲገናኙ ቅቤው የሚሸነፍ ይመስላችኋል። ለአማቴ ቅቤ ግን ይህ አይሠራም፤ ጠልቆ እንዲገባ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷላ። አረፋው በረከተ፣ ጭራው ተንጨባረረ፣ ሱሪዬ ራሰ። በዚህ መካከል ሰይድ ሲጋራ ሊያጨስ ይሁን ከንግግሩ ሊያመልጥ ብቅ አለ።

«ምን እያጠብክ ነው መምህር?»

«ቅቤ።»

ጎንበስ ብሎ ጭራውን በሁለት ጣቱ አሸት አደረገው። «ለቅባት ቤንዚን ነው» አለ። «ወላሂ ሌላ መድኃኒት የለውም። አብሽር፣ አሁን መጣሁ።»

ሞተር ሳይክሉን ዘንበል አድርጎ በውኃ ፕላስቲክ ግማሽ ያህል ቤንዚን ቀድቶ መጣ። ሲጋራውን ወደ ኪሱ እንዲመልስ ለመንኩት። ጭራውን በጨርቅ እየነከረ፣ የመኪና ዕቃ የሚያጥብ ያህል ተረጋግቶ ይጠርገው ጀመር፤ እየጠረገም የተነቀለውን ፀጉር ያነሳና «ይቺ ትርፍ ነች?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔ ወደ ውስጥ ሮጥኩና ለማዕከሉ ኃላፊ በቁራጭ ወረቀት «ንግግሩን ትንሽ ያስረዝሙልን» ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ተብለው ተለምነው የሚያውቁ አይመስለኝም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ ሦስተኛውን ምዕራፍ ጀመሩ።

ስመለስ ሰይድ አንዱን ደጋን በኮፍያው እያራገበ ነው። «ይቺ ደርቃለች። ሌሎቹ ገና ናቸው፤ ግማሽ ሰዓት ኢንሻአላህ» አለኝ። ግማሽ ሰዓት አልነበረንም። ውስጥ ሕዝቡ ተስፋ ቆርጦ ማጨብጨብ ጀምሯል፤ ንግግር በሰላም የሚቆመው በዚህ ብቻ ነው። አንዲቷን ደጋን ሙጫ አሸኋት፣ ክሩ ላይ ሳብኳት። ትንሽ ጎረበጠች፣ ግን ድምፅ አላት። ቤንዚን ቤንዚን እየሸተትኩ፣ ደጋኗን ይዤ መጋረጃው ጀርባ ገባሁ።

ስድስት ልጆች፣ አንድ ደጋን። ሁሉም እጄን ያያሉ። ሐሜት የማይፈራ ሰው ቢሆን ለማን እንደሚሰጥ ያውቃል። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ተምታታብኝ። ለሜሮን ልስጥ፣ እሷ ታወጣናለች። ለረድኤት ልስጥ፣ አንድ ቀን እንኳ መጀመሪያ ትሁንልኝ፤ ደግሞ ዛሬ ካልተጫወተች ለዘላለም ቀረች። እጄ ወደ ረድኤት ተዘረጋ። በሕይወቴ የመጀመሪያው አድልዎ ነው፤ ጊዜውን ግን አላወቅሁበትም።

ረድኤት ደጋኗን አየች፣ እኔን አየች። «ለሜሮን ስጣት» አለች። «እኛ በጣት እንመታዋለን።»

«ግን ልምምዱ በደጋን...»

«አባዬ፣ ጊዜ የለም።» ወደ ልጆቹ ዞረች። «አንዋር፣ ዛሬ እንደ ክራር ያዘው፣ ተፈቅዶልሃል። ናሆም፣ እኔን እያየህ። እናንተ ሁለታችሁ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሜሮን፣ መጀመሪያ እኛ ብቻችንን፣ ከዚያ አንቺ ትገቢያለሽ።»

ሁሉም እሺ አሏት። እኔ ወራት ሙሉ አንድ ላይ አሰልፌያቸው የማላውቃቸው ልጆች ተራ ይዘው ወጡ፤ እሷም የመጨረሻዋ ሆና ሳይሆን ከፊት ሆና። እኔን ማንም አልጠራኝም። መጋረጃው ጀርባ ቀረሁ።

የሚጫወቱት ዜማ እኔ ለጣታቸው እንዲመች ብዬ በትዝታ ቅኝት ያቀናበርኩት አጭር ነገር ነው፤ አራት መስመር። ረድኤት በእግሯ ቆጠረች። አምስቱ በጣታቸው ጀመሩ። በደጋን ሲሆን እርስ በርሱ የሚጋጨው ያ ድምፅ፣ በጣት ሲሆን ጠብ ጠብ እያለ ረጋ ብሎ ወጣ። ስልክ ሲያነሣ የነበረው አባት እጁን አወረደ። በሁለተኛው መስመር ሜሮን በደጋኗ ገባች፤ ጉርብጥብጥ ያለው ድምፅ ራሱ የሚያምር ሆነ፤ ሲዘፍን ያደረ አዝማሪ ጉሮሮ ነበረው። አንድ ሽማግሌ አብረው ማንጎራጎር ሲጀምሩ ሰማሁ።

መጨረሻው ላይ ናሆም ወደ ኋላ ቀረ። ሁሉም ጨርሰው እሱ ብቻውን ሁለት ድምፅ ቀረው፤ ፊቱ ሲቀየር ታየኝ። እኔ ብሆን ምን እንደምል ታውቃላችሁ። ረድኤት ግን ጣቷን ክሩ ላይ አድርጋ ጠበቀችው፤ የመጨረሻውን ድምፅ አብራው ነካች። ሕዝቡ ዜማው እንደዚያ የሚያልቅ መሰለው። እኔም እስካሁን ድረስ ከዚያ የተሻለ ማለቂያ አላገኘሁለትም።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አማቴ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ከአጠገባቸው ላለችው ሴትም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ትናንት እኮ ይንጫጫ ነበር! አየሽው እንዴት እንደለሰለሰ? ቅቤ ነው!» ሲሉ ተሰማ። የማዕከሉ ኃላፊ ተነሥተው መምህሩ የቀየሱት አዲስ የአጨዋወት ስልት አድናቆት እንደሚገባው ተናገሩ። አዲስ ስልት የቀየሰው መምህር መጋረጃው ጀርባ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ከላዬ ላይ አንድ ኩንታል እህል ያወረዱልኝ ያህል ቀለለኝ። ሰይድ በጀርባ በር ገብቶ አየኝ።

«ታለቅሳለህ እንዴ መምህር?»

«ቤንዚኑ ነው» አልኩት።

«ማሻአላህ፣ ጥሩ ቤንዚን ነው» አለና አጠገቤ ተቀመጠ።

አማቴ እውነቱን እስከ ዛሬ አያውቁም፤ የነገራቸው ሰውም የለም፣ አይኖርምም። ሰኞ ጠዋት ወደ ግራና ሲመለሱ የተረፈውን ቅቤ በትንሽ ብልቃጥ አድርገው «ለፀጉሩ» ብለው ትተውልኝ ሄዱ። አመስግኜ ተቀበልኩ። ስድስቱን ደጋኖች ሰይድ ጋራዡ ወስዶ አጽድቶ መለሰልኝ።

የዚያኑ ቀን ምሳ ላይ ረድኤት ማንኪያዋን አስቀመጠች። እኔም የራሴን አስቀመጥኩ። ሐሙስ ዕለት ያለችውን ልትደግመው ነው አልኩ በልቤ፤ ሌሊቱን ሙሉ ስዘጋጅበት ነበርና «እሺ ልጄ» ለማለት አፌን አሰናዳሁ።

«ቫዮሊኑን አላቆምም» አለች።

ባለቤቴን አየኋት፤ እሷም አታውቅም ነበር።

«ግን አንተ አታስተምረኝም።»

«ታዲያ ማን ያስተምርሽ?»

«ሜሮን። ትናንት ተነጋግረናል፣ እሺ ብላለች።»

«ሜሮንንስ ማን ያስተምራታል?»

«አንተ ነሃ» አለች፣ ይህ እንዴት ይጠየቃል በሚል ዓይን። «ለሷ ጎበዝ አስተማሪ ነህ። ለሷ ትነግራታለህ፣ እሷ ደግሞ አስተካክላ ትነግረኛለች።»

«እኔ እንግዲህ ቤት ውስጥ ምን ልሁን?»

ትንሽ አሰበችበት። «አባቴ» አለች፤ ማንኪያዋንም አነሣች።

ባለቤቴ ሳቋን ለመደበቅ ውኃ ልታመጣ ተነሣች። ለወጉ ያህል እንኳ ቅር ልሰኝ፣ ትንሽ ልኮሳተር ብዬ ሞከርኩ፤ ፊቴ እምቢ አለኝ። ሃያ ዓመት አስተምሬ በገዛ ልጄ ከሥራ ተባረርኩ፤ ምሳዬን እንደዚያ ቀን ጥርግ አድርጌ በልቼ አላውቅም።